የጠጣው ባጃጁ ነው

ሕሊና በዚያ የቅበላ እሑድ ጠዋት ምንም እንደማታውቅ ሆና ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቱ አታውቅም፤ ወጉ ይኸው ነው። ማን እንደላካቸው፣ በየት በኩል እንደሚመጡ፣ ከመካከላቸው የማንኛው ጉልበት እንደሚያመው ሁሉ ልታውቅ ትችላለች፤ ግን አታውቅም። አዲስ ቀሚስ ብትለብስ ታስነቃለችና ያደረገችው ክርኑ ላይ የተጣፈ አሮጌ ሹራብ ነው። ፀጉሯን ቅዳሜ ማታ መሠራቷን ግን ማንም አላየም ተብሎ ታለፈ።

ቤታቸው ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ በሚወርደው የጠጠር መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። አባቷ መሪጌታ ቴዎፍሎስ የቅኔ መምህር ናቸው፤ አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። ሚስታቸው ያረፉት ሕሊና ፊደል ሳትጨርስ ነው። ከዚያ ወዲህ አባትም እናትም ሆነው አሳደጓት፣ አስተማሯት፣ ይኸው ዛሬ ፍኖተ ሰላም ላይ የአሥራ አንደኛ ክፍል ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ዓርብ ማታ ትመጣለች፣ ሰኞ በማለዳ ትመለሳለች።

በዚህ መሐል ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮ ሦስት ጊዜ ባዶውን ተመልሷል። አንደኛው ነጋዴ ነው፣ መንገድ ያበዛል ተባለ። ሁለተኛው አገሩ ከዓባይ ማዶ ነው፣ ይርቃል ተባለ። ሦስተኛው ባሕር ዳር የሚሠራ ነርስ ነበር፤ እንከን ፈልገው ሲያጡበት «ሲያስነጥስ አፉን አይሸፍንም» ብለው መለሱት። ሕሊና ለሦስቱም እንቅልፍ አላጣችም። አራተኛው ግን ሌላ ነው፤ አራተኛው የሽዋስ ነው።

የሽዋስ ቡሬ ከተማ ባጃጅ ይነዳል። ለፈተና እርማት ቡሬ የሄደች ጊዜ ነው የተዋወቁት። ተሳፍራ ገና ሳትደላደል «የምን አስተማሪ ነሽ?» አላት፤ ስትነግረው «እሱ ትምህርት ነው እኔን የጣለኝ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ በየመንገዱ ሲጠይቃት ከረመ፤ ሳሙና ለምን አረፋ ይሠራል፣ ሚስማር ለምን ይዝጋል፣ ሽቶ ከጠርሙሱ እንዴት ይጠፋል። ሕሊና በሕይወቷ እንደዚህ የሚጠይቃት ተማሪ አልገጠማትም፤ ወደደችው።

የኔታ ለሽማግሌዎቹ የሰጡት ቀጠሮ ዛሬ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ነገ ዐቢይ ፆም ይገባል፤ እሳቸው ምሳቸውን በልተው ለሱባኤ ወደ ገዳም ይሄዳሉ፣ እስከ ፋሲካም አይመለሱም። ይኼስ ባልከፋ። የከፋው፣ የኔታ ቀጠሮ ያፈረሰ ሽማግሌ ዳግመኛ በራቸውን አይረግጥም የሚል ሕግ ያላቸው መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ባለ ብዙ በሬ ሰው ሽማግሌዎች በእሳቸው በኩል ለምትጠየቀው ለተማሪያቸው እህት ከቀጠሮው በማግሥቱ ቢመጡ፣ በአጥር ላይ አነጋግረው አሰናብተዋቸዋል። ሽማግሌዎቹ ዛሬ ካልደረሱ የሽዋስ ነገር አበቃለት ማለት ነው።

ስልኳ በሹራቧ ኪስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ሕሊና ቢላዋዋን ጥላ ወደ ጓሮ፣ ወደ ጎተራው ጀርባ ሮጠች።

«እምቢ አለኝ» አለ የሽዋስ፤ ድምፁ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነው።

«ምኑ?»

«ባጃጁ ነዋ! አባ ወልደ ዮሐንስና አያ እጅጉ ከኋላ ተቀምጠዋል። ብመታው፣ ብገፋው፣ ብለምነው አልነሳ አለ። አባ ዳዊት መድገም ጀምረዋል።»

አባ ወልደ ዮሐንስ የነፍስ አባቱ ናቸው፣ እጅጉ ደግሞ የአባቱ ወንድም። ሕሊና ግንባሯን ያዘች። «ቤንዚን አለኝ ብለኸኝ አልነበር?»

ዝም አለ። የሽዋስ ዝም ካለ ነገር አለ።

«አለ» አለ በመጨረሻ። «ብቻውን ግን አይደለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡሬ ላይ ቤንዚን ከጠፋ ሰንብቷል። ባጃጆቹ ሁሉ በየአጥሩ ሥር ቆመው ዶሮ ይሰፍርባቸዋል። ሚኒባሶቹ ደግሞ ለቅበላ ወደየዘመዱ የሚሄደውን ሰው ጭነው በሌሊት ወጥተዋል፤ በእግር እንዳይኬድ የአባ ጉልበት አለ። የሽዋስ ለዚህ ቀን ሲል የቆጠባት ትንሽ ቤንዚን ነበረችው፤ ግን አታደርስም። አክስቱ ወለተ ጊዮርጊስ ደግሞ በአረቄዋ የታወቀች ናት። የሽዋስ ሁለቴ የተጣራውን ዳገም አረቄዋን እንደገና፣ በዝግታ፣ ለሦስተኛ ጊዜ እንድታወጣው አደረገና ከቤንዚኑ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቀለው።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ብራዚል የሚባል አገር መኪና በአልኮል ይሄዳል ያልሽኝ?» አላት።

«ብራዚል ነው ያልኩህ! ቡሬ አላልኩም!»

«ትናንት በቀትር ሞክሬው ነበር እኮ። እየሳለም ቢሆን ሄዷል።»

«የት ነው ያደረው?»

«ከባሕር ዛፉ ሥር። ገና ፀሐይ አላገኘውም። ብረቱን ስነካው እጄን አደነዘዘኝ።»

ሕሊና ይኼን ስትሰማ ነገሩ ገባት። ያንኑ ሳምንት ለተማሪዎቿ ያስተማረችው እሱኑ ነበር፤ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር እንጂ።

«ስማኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሞተሩ ፈሳሹን አይደለም የሚያቃጥለው፤ ከፈሳሹ የሚወጣውን ትነት ነው። ቤንዚን ቅንጣቶቹ አጥብቀው አይያያዙም፣ በብርድም ቢሆን እየተነሱ ይወጣሉ። የአረቄው ግን ተያይዘዋል። ካልሞቃቸው አይለቃቀቁም። አሁን ካንዴላው እሳት ቢረጭ የሚያቀጣጥለው ትነት የለም።»

«ታዲያ የፈለገው ሙቀት ነው? ይኼማ ቀላል ነው! ጭድ አለ፤ ከሥሩ ላቀጣጥል...»

«እሳት እንዳታስጠጋ!» ብላ ጮኸች።

ከቤት ውስጥ የአባቷ ድምፅ መጣ። «የምን እሳት ነው?»

«የወጡ ነው አባየ! በዝቶበት ነው!»

«ታዲያ ማንን ነው የምትቆጪው?»

«ራሴን!»

 ሕሊና ከጎተራው ጋር ተጣብቃ ትንፋሿን ሰበሰበችና እያንሾካሾከች ቀጠለች። «በእሳት ከሆነ ሽማግሌዎቹም አንተም አብራችሁ ትሄዳላችሁ። የፈላ ውሃ ፈልግ። ጨርቅ ንከርበትና ካርቡራቶሩ ላይ ጠቅልልበት። ሲሞቅ አስነሳው።»

የፈላ ውሃ በቅበላ እሑድ አይጠፋም፤ በየቤቱ ዶሮ ይነጫል። በስልኩ ውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ፣ የድስት ክዳን ተሰማ፣ ከዚያ የወለተ ጊዮርጊስ ድምፅ፦ «ኧረ ምነው! ዶሮየን በምን ልነጫት ነው?» ኮቴው እየሮጠ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ሁለተኛ አስነጠሰ፣ ከዚያም እየተንፈራጠጠ ተነሳ። አያ እጅጉ «ወይ ጉድ!» ሲሉ፣ አባ ወልደ ዮሐንስ ዳዊቱን ሳያቋርጡ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሕሊና በጆሮዋ ሰማች። ደስታዋ እንባ አመጣባት።

«መጠባበቂያውን በቢጫ ጀሪካን ይዤዋለሁ» አለ የሽዋስ በጩኸቱ መሐል። «አባ እግር ሥር ነው።»

«ንጹሑ አረቄ? ፀሐይ እንዳያገኘው! ክዳኑን...»

ስልኩ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለሕሊና አላልፍ አላት። የኔታ ደጃፍ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። የጉዞ ከረጢታቸው ከጎናቸው ታስሮ ተቀምጧል። የቤቱ ጥላ እያጠረ ወደ እግራቸው ሲመጣ ያያሉ፣ መንገዱን ያያሉ። ሕሊና በሰበብ አስባቡ ብቅ ትላለች። ቅጠል ልትጥል ወጣች። ቅጠሉን የት እንደጣለች ልታይ ወጣች።

«ምነው ዛሬ እግርሽ አላርፍ አለ?» አሏት።

«እንዲያው ነው አባየ።»

«እንዲያው ከሆነ ጥሩ ነው» አሉና እንደገና ወደ መንገዱ ዞሩ።

ሞተሩ ከሩቅ ሲሰማ ሕሊና ጓዳ ገብታ በመጋረጃው ቀዳዳ ማየት ጀመረች። ባጃጁ እየሳለ ቁልቁለቱን ወረደና ከአጥሩ ውጪ ሾላው ሥር ቆመ። ሽማግሌዎቹ ወረዱ። ሹፌሩ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ወንበሩ ላይ ቀረ። አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይመጣም፤ ነውር ነው። ግን በአገሩ የሚንቀሳቀስ ባጃጅ የእሱ ብቻ ስለሆነ የሽዋስ ዛሬ የኪራይ ሹፌር ነው፤ ይህም እንደ ሕሊና አለማወቅ ያለ ነገር ነው።

ሽማግሌዎቹ ግቢውን ሲያቋርጡ ነፋስ ከኋላቸው ነበር። ሕሊና ያለችበት ጓዳ ድረስ ሸተታት። አረቄ! ያውም ተደፍቶ የሚሸት አረቄ! ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። መንገዱን ሙሉ ፀሐይ የመታው ጀሪካን ሆዱ ሲነፋ፣ ሲነፋ መጥቶ በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ክዳኑ ዘሎ የአባንና የአያ እጅጉን ጋቢ አርሶታል።

እዚህ ላይ የኔታንና አረቄን ማስተዋወቅ ያስፈልጋል። አይተዋወቁም። ከተማሪዎቻቸው ሁሉ የሚበልጠው አንዱ በአረቄ ተበላሽቶ ከቀረባቸው ወዲህ፣ በግቢያቸው ጠላ ይጠመቃል እንጂ የአረቄ ስም አይነሳም። አሁን አንድ ቄስና አንድ ሽበታም ሰው ከእግር እስከ ራሳቸው አረቄ እየሸተቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቅዳሴ መልስ ፊታቸው ቆሙ።

«ቤቶች! እንደምን አረፈዳችሁ» አሉ አባ ወልደ ዮሐንስ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀመጡ» አሉ የኔታ። አፍንጫቸው ግን ተሸብሽቧል።

«ጉዳያችንን ሳይሰሙን አንቀመጥም።»

«እንግዲያ ከጉዳያችሁ በፊት እኔ ልጠይቅ። ከየትኛው ግብዣ ነው የመጣችሁት?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባ ወልደ ዮሐንስ ጠላ እንኳ በዓመት አንዴ ለስለት የሚቀምሱ ሰው ናቸው፤ ፊታቸው ቀላ። እውነቱን መናገር የመረጡት አያ እጅጉ ናቸው፤ እውነት ደግሞ አንዳንድ ቀን ባትነገር ይሻላል።

«እኛ አልጠጣንም የኔታ» አሉ ቀጥ ብለው። «የጠጣው ባጃጁ ነው።»

ከዚህ የባሰ የሰካራም ንግግር በምዕራብ ጎጃም ተነግሮ አያውቅም። የኔታ ቀስ ብለው ተነሡ። ከረጢታቸውን አነሡ።

«ባጃጁ» አሉ።

«አዎን። ዛሬ ጠዋት አልነሳም ብሎ በሙቅ ውሃ ነው ያስታገሥነው።»

«በሉ በሰላም ግቡ። የሚነዳችሁም ከናንተ ካልባሰ ነው።»

ሕሊና መጋረጃውን ጨበጠች። ወጥታ ብትናገር ከጠዋት ጀምሮ ስታውቅ፣ ጎተራ ጀርባ ሆና ለገዛ ሽማግሌዎቿ መንገድ ስትመራ እንደነበር በአባቷ ፊት መናዘዝ ነው። ባትናገር ሽማግሌዎቹ ያንን በር ሲወጡ የሽዋስም አብሮ ይወጣል፤ ለዘለቄታው። ለአፍታ ያህል አሰበች። ከዚያ ዘንግታ ሽንኩርት መክተፊያውን በእጇ እንደያዘች ወጣች።

«እውነታቸውን ነው አባየ። የጠጣው ባጃጁ ነው።»

ሦስቱም ዞረው አዩዋት። አያ እጅጉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ልጅቱ ሽማግሌ ፊት ወጥታ ስትናገር ያየ ሰው ካለ ከእሳቸው አልተገናኘም።

«አንቺ በምን አወቅሽ?» አሉ የኔታ።

«አሳይዎታለሁ።»

ከአጥሩ ወጥታ ወደ ሾላው ሄደች። የተከናነበው ሹፌር ሲያያት ጋቢውን ይበልጥ ወደ ላይ ሳበው። «ሹፌር፣ ጀሪካኑን ስጠኝ» አለች ጮክ ብላ። «እሺ እመቤቴ» አለ ሹፌሩ፣ ጎርናና ለማድረግ በሞከረው ድምፅ፤ ከጋቢው በላይ የሚታዩት ዓይኖቹ ግን ተማጸኗት። ክዳኑ ተመልሶ የተዘጋው ጀሪካን አሁንም ሆዱ ተነፍቶ ነበር። መክተፊያውን ብብቷ ሥር ሸጉጣ በሌላ እጇ ከእንስራው ውሃ ቀዳችና አባቷ ፊት ቆመች።

«እጅዎን ይስጡኝ። ሁለቱንም።»

የኔታ ተቆጥተዋል፤ ግን መምህር ናቸው። አሳይዎታለሁ የሚላቸውን ሰው አይተው ሳይጨርሱ አባረው አያውቁም። ከረጢታቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። በግራው ጀርባ ላይ ውሃ፣ በቀኙ ላይ አረቄ አንጠባጠበችላቸው።

«ቀኙ ቀዘቀዘኝ» አሉ። ትንሽ ቆዩ። «ቀኙ ደረቀ። የግራው አለ።» ቀና አሉ። «ሁለቱም ፈሳሽ ናቸው፣ ሁለቱም በአንድ ፀሐይ ናቸው። ለምን?»

«የኛን አገር ስንብት ያውቁት የለ?» አለች ሕሊና። «እንግዳ ልሂድ ብሎ ሲነሳ አንዱ እጁን ይይዛል፣ አንዷ ጋቢውን ትይዛለች፣ እደሩ፣ ምሳ ብሉ፣ ገና አልተጫወትን። ውሃ እንደዚያ ያለ ቤት ነው። ቅንጣቶቹ ግራና ቀኝ ተጨባብጠዋል፤ ልሂድ የሚለው ቶሎ አይለቀቅም። የአረቄው ቅንጣት በአንድ እጁ ብቻ ነው የሚጨብጥ፤ ስለዚህ ቀድሞ ያመልጣል፣ ሲሄድም ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ እጅዎን አቀዘቀዘው። ቤንዚን ጭራሽ እጅ የለውም። እንደ ገበያ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተነካክቶ ይለያያል።»

«የሄደውስ የት ይደርሳል?»

«አየር ላይ ይበተናል። ዕቃው ከተዘጋ ግን መውጫ ያጣና ክዳኑን ይገፋል። የእንፋሎት ግፊት የምንለው እሱን ነው። የሚያያዙበት ጉልበት ሲያንስ የሚወጣው ይበዛል፣ ግፊቱም ይበዛል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ይኼን ሆድ ይዩት!» ጀሪካኑን መታ መታ አደረገችው። «መንገድ ላይ ክዳኑን አስፈንጥሮ አባን የረጫቸው ይኼ ነው። እሳቸው ምንም አላደረጉም።»

የኔታ የደረቀውን ቀኝ እጃቸውን አሸተቱ። አገላብጠው እንደገና አሸተቱ።

«ምንም የለም» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «እንግዲያ ከጋቢው ከሆነ ይሄዳል። ከሆድ ከሆነ ግን እስከ ማታም ከአፍ አይጠፋም። ጋቢያችሁን አስጡት።»

እንዲህ ሆኖ ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች በሸሚዝ ብቻ ቀርተው በሰው ግቢ ውስጥ ቆሙ፤ ጋቢዎቻቸው አጥሩ ላይ ተሰቅለው ፀሐይ ይሞቃሉ። የኔታ «ተቀመጡ» ይላሉ። አባ ወልደ ዮሐንስ የሚያመውን ጉልበታቸውን በእጃቸው ይዘው «ሳይሰሙን አንቀመጥም» ይላሉ። ሕሊና ሳቋን ለመያዝ መክተፊያውን በጥርሷ ልትነክስ ምንም አልቀራት። ከሾላው ሥር ደግሞ አንድ ጋቢ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታያል።

የኔታ ሄደው አጥሩ ላይ ያለውን ጋቢ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ሳሙና ይሸታል። ሌላውን አሸተቱ፤ እሱም ሳሙና ነው። ተመልሰው መጡ።

«አባ፣ አይቀየሙኝ፣ እስቲ እፍ ይበሉልኝ።»

አባ ወልደ ዮሐንስ እፍ አሉ። ጠዋት ከቅዳሴ እንደወጡ የበሉት በሶ ሸተተ። አያ እጅጉም ሳይጠየቁ እፍ አሉ፤ እሳቸው ነጭ ሽንኩርት ጨምረውበታል።

ሁሉም የኔታን አፍ ጠበቀ። እሳቸው ግን ግራ እጃቸውን ያያሉ። ውሃውም በመጨረሻ ደርቆ ነበር።

«ይኼስ?» አሉ ሕሊናን። «ያን ያህል ከተጨባበጠ እንዴት ሄደ?»

«የሚሄደው ከላይ ያለው ነው አባየ። ከመሐል ያለውን ዙሪያውን ይዘውታል። ከላይ ያለውን ግን ወደ ውስጥ የሚስበው ከሥሩና ከጎኑ ያለው ብቻ ነው፤ ከላዩ ማንም የለውም። ሙቀት ሲያገኝ ይነሳል።» ቀጥላ ያለችውን ከተናገረች በኋላ ነው ራሷ የሰማችው። «ስላልያዙት አይደለም የሚሄደው።»

«ስላልያዙት አይደለም» አሉ የኔታ ቃሏን ደግመው።

 ሕሊና አባቷ ማርጀታቸውን በዚያች ሰዓት አየች፤ አንገታቸው ቀጥኖ ከኮሌታቸው ወጥቷል። ልቧ ተንሰፈሰፈ። ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሽዋስ ቢቀርስ ብላ አሰበች፤ አሰበችና ደነገጠች።

«ያ ነርስ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሲያስነጥስ አይቼው አላውቅም።»

አያ እጅጉ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ነጋዴውም ምስኪን ልጅ ነበር። ይኼኛውም ቢሆን፣ ባጃጁ መጠጣቱን ከናንተ በፊት ሰምቻለሁ። ከጎተራው ጀርባ የሚነገር ሁሉ በመስኮቴ ይገባል፤ ልጄ ይኼን ዕድሜዋን ሁሉ አላወቀችም።» ሕሊና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ሽታው ሲመጣ ግን ደስ አለኝ። ለዛሬም ሰበብ ተገኘ አልኩ። አባ፣ እርስዎን የሚያህል ካህን በሐሰት አሳፈርኩ፤ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታ» አሉ አባ ወልደ ዮሐንስ።

«የቀረችኝ ሰበብ ይቺ ነበረች። እሷም ተነነች።» የኔታ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን መሐሉ ላይ ተሰበረ። «ሰምቻችኋለሁ። ልጄን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ። አሁን ተቀመጡ።»

አባ ወልደ ዮሐንስ ቃሉ ከማለቁ በፊት ተቀምጠው ነበር። አያ እጅጉ በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት አይተው ስለማያውቁ ቆመው ቀሩ፤ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ቀጠሮ ያዘጋጁት ንግግር ሁሉ በሆዳቸው ቀረ። ሕሊና ደጃፉን ተደገፈች። ደስታዋና ኀዘኗ በአንድ ጊዜ መጡባት፤ የቱን ቀድማ እንደምታለቅስ አላወቀችም።

የኔታ ወደ ሾላው ሄዱ። የተከናነበው ሹፌር ሲመጡ አይቶ ከወንበሩ ዘሎ ወረደ። ጋቢው ተንሸራቶ መሬት ወደቀ፤ ሊያነሳው አልደፈረም።

«ሹፌር» አሉት።

«አቤት የኔታ።»

«ፋሲካ ሲያልፍ ልጄን ትወስዳለህ። ቤቱ ባዶ ነው የሚሆን። መቼ መቼ ታመጣልኛለህ?»

የሽዋስ ራሱን እከክ አደረገ። «ቤንዚን በተገኘ ቁጥር የኔታ።»

«የጠፋ እንደሆነስ?»

ወደ ባጃጁ ዞሮ አየ፣ አክስቱ ትዝ አለችው መሰለኝ፣ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ቀልድ እንዳልሆነ የገባው ያኔ ነው። ቀጥ ብሎ ቆመ።

«በእግራችን እንመጣለን» አለ።

«ከቡሬ?»

«ከቡሬ። በየሰንበቱ።»

የኔታ ፊቱን መረመሩት። የቅኔ ተማሪ ሲዋሽም ሲያውቅም ሲያዩ የኖሩ ዓይኖች ናቸው፤ አልቸኮሉም። የሽዋስም ዓይኑን አልሰበረም። ከዚያ ጎንበስ ብለው የወደቀውን ጋቢ ራሳቸው አነሱና አቧራውን አራግፈው ትከሻው ላይ ጣሉለት።

«በል ግባ» አሉት። «ነገ ፆም ነው፤ የተሠራው ሁሉ ዛሬ መበላት አለበት።»